ከውሻዬ ጋር ተራራ ወጥቼ የተማርኩት

ዳማ 24 ኪሎ የምትመዝን የአራት ዓመት ውሻ ናት። ተራራ ስንወጣ እኔ አንዴ የምሄደውን መንገድ እሷ ሁለቴ ትሄደዋለች። ወደፊት ትሮጣለች፣ መጥቼ እንደሆነ ለማየት ትመለሳለች፣ ደግሞ ትሮጣለች። ድሮ ይህን ሳይ “ጉልበቷ አያልቅም” እል ነበር። አሁን መንገዱን ሳሰላ ለእሷ እጥፍ አድርጌ ነው የምቆጥረው።

ያቀድነው በአንድ ሸንተረር ላይ ያሉ ሁለት ጫፎችን በአንድ ቀን ወጥቶ መመለስ ነበር። ሁለቱም ከ4,000 ሜትር በላይ ናቸው። ሁለት ወር ሙሉ በየሳምንቱ ትንንሽ ኮረብታዎች ላይ ተለማመድን። የእንስሳት ሐኪም ልቧንና መገጣጠሚያዎቿን አየላት። ቡችላ ብትሆን ኖሮ አልወስዳትም ነበር፤ አጥንቱ ገና ያልጠና ውሻ እንዲህ ያለ ቀን አይገባውም።

ከፍታውንም አልናቅኩትም። 4,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ወለል ላይ ካለው 60 በመቶ አካባቢ ነው። በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ውሻንም ይጎዳዋል። ስለዚህ ከመውጣታችን በፊት 3,000 ሜትር ገደማ ላይ አንድ ሌሊት አደርን።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ተነሳን። አንደኛው ምክንያት መብረቅ ነው። ብዙ ተራራ ላይ ደመና የሚከመረው ከሰዓት በኋላ ነው፣ ዛፍ ካለቀ በኋላ ደግሞ መጠለያ የለም። ሁለተኛው ሙቀት ነው። ውሻ እንደኛ በመላ ሰውነቱ አያልበውም፤ የሚቀዘቅዘው በዋናነት በማለክለክ ነው። ምላሷ ከወትሮው ረዝሞና ሰፍቶ ሲንጠለጠል ካየሁ ጥላ ፈልጌ እቆማለሁ። ጥላ ከሌለ በራሴ ጥላ አስቀምጣታለሁ።

ለእኔ ሦስት ሊትር፣ ለእሷ ሁለት ሊትር ተኩል ውሃ ያዝኩ። በየግማሽ ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ አጠጣታለሁ። ስትጓጓ ውሃ ትዘነጋለች፤ ያኔ ምግቧን በውሃ አርሼ እሰጣታለሁ። የኔን ቾኮሌትና ዘቢብ ደግሞ እሷ በማትደርስበት ኪስ ነው የምይዘው፤ ሁለቱም ለውሻ መርዝ ናቸው።

የመጀመሪያው ጫፍ ላይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ40 ደረስን። ነፋሱ ጆሮዋን ወደ ኋላ አጥፎታል፣ ዓይኗን ጨፍና አፍንጫዋን ወደ ላይ አንስታለች። እዚያ ሃያ ደቂቃ ያህል ተቀመጥን። ፎቶ አነሳኋት። መዳፏን ግን አላየሁም። እስካሁን የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

ወደ ሁለተኛው ጫፍ የሚወስደው ሸንተረር የተሰባበረ ስለታም ድንጋይ የሞላበት ነው። በደረት ማሰሪያዋ ይዣት ቀስ ብለን ሄድን። 150 ሜትር ያህል ከፍታ ሲቀረን ቁጭ አለችና የግራ የፊት እግሯን መላስ ጀመረች። ተንበርክኬ አየሁት። ከመዳፏ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ቆዳ ተነስቷል። ሥሩ ቀይ ሆኗል፣ ደቃቅ ጠጠርም ገብቶበታል። ወደ ኋላ ዞር ስል ባለፍነው ድንጋይ ላይ አንዲት የደም ጠብታ አየሁ። ከመቼ ጀምሮ እያመማት እንደነበር አላውቅም።

ጫፉ ፊት ለፊቴ ነው፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ነው። እሷ ደግሞ ወዲያው ተነስታ ጭራዋን እየወዘወዘች ወደ ላይ ማየት ጀመረች። ልቀጥል ብል እያነከሰች ትከተለኝ ነበር። ውሻ “በቃኝ” አይልም፤ የሚወደው ሰው እስከሄደ ድረስ ይሄዳል። “በቃ” ማለት ያለብኝ እኔ ነበርኩ። ተመለስን።

ቁስሉን በንጹሕ ውሃ አጠብኩት፣ ጠጠሩን አወጣሁ፣ በፋሻ ሳላጠብቅ ጠቀለልኩት። ከላይ ካልሲ አልብሼ በፕላስተር አሰርኩት። የውሻ ጫማ ነበረን፣ ግን መኪና ውስጥ ነው የቀረው። ስላላለማመድኳት አንዴ ባደረግሁላት ጊዜ አልራመድም ብላ ነበር፣ እኔም ተውኩት። መሸከሚያም አልያዝኩም። ድንጋያማውን ቦታ በክንዴ ታቅፌያት ወረድኩ። 24 ኪሎ ቁልቁለት ላይ፣ እግርህን የምታሳርፍበትን ሳታይ፣ በጣም አደገኛ ነው። ሁለት ጊዜ ልወድቅ ነበር። በየአምስት ደቂቃው እያረፍን መኪናው ጋ ስንደርስ ቀኑ 10 ሰዓት ሆኗል።

አሁን በየሰዓቱ አራቱንም መዳፍ አያለሁ። በጣቶቿ መካከል ጭምር በጣቴ እዳስሳለሁ፤ የሳሳና የሚያቃጥል ቆዳ ከመቀደዱ በፊት ይታወቃል። ትከሻ ላይ የሚያዝ የጨርቅ መሸከሚያም ከቦርሳዬ አይወጣም። ስፌቱ ክብደቷን መቻሉን ቤት ውስጥ ሞክሬ አረጋግጫለሁ።

ቁስሏ በሁለት ሳምንት ዳነ። ከዚያ ጫማውን ከመጀመሪያው ጀመርነው። በመጀመሪያው ቀን አንድ እግር ብቻ፣ አንድ ደቂቃ ብቻ። ከዚያ ሁለት እግር። ከወር በኋላ አራቱንም ጫማ አድርጋ ደረጃ መውጣት ቻለች። ትናንት ጫማውን ከመሳቢያ ሳወጣ መጥታ ፊቴ ቆመችና የግራ የፊት እግሯን ራሷ አነሳችልኝ።