«ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ»፦ የአሥራ ሁለት ሳምንት የንባብ ማስታወሻ

የ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ልብ ወለድ ሲነሳ አንባቢ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ገጸ ባሕርያቱን እንደ ጎረቤቱ ያውቃቸዋል፤ ሌላው መቶኛው ገጽ ሳይደርስ ደክሞት ትቶታል። ይህ ማስታወሻ ለደከማቸው ነው።

ለመጀመሪያ የቻርልስ ዲከንስ «ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ» ይሻላል። ዲከንስ በ20 ወርኃዊ ክፍሎች ሊያወጣው አስቦ ነበር። ሳምንታዊ መጽሔቱ ላይ ይወጣ የነበረው የሌላ ደራሲ ታሪክ አንባቢ ሲያሸሽበት ግን ሳምንታዊ አደረገው። ቦታው ጠባብ ስለነበር ምዕራፎቹ አጠሩ፤ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 1860 እስከ ኦገስት 1861፣ 59 ምዕራፍ በ36 ክፍል ወጣ። በየወሩ 32 ገጽ ይሰጠው የነበረው ሌላው የዲከንስ ልብ ወለድ «ብሊክ ሀውስ» በጣም የሰፋ ስለሆነ ለጀማሪ ይከብዳል።

አካሄዱ በሳምንት ሦስት ክፍል ነው፤ አምስት ምዕራፍ ገደማ። በአንድ ቀን ከአንድ ክፍል አይታለፍ፤ በመካከሉ ቢያንስ አንድ ቀን ይረፍ። ጠበቃው ጃገርስ በተገለጠ ቁጥር ጣቱን ይነክሳል፣ እጁን ሽታ ባለው ሳሙና ይታጠባል። ሁለት መቶ ገጽ በአንድ ቀን ላነበበ ይህ ያሰለቻል። የተጻፈው ግን ሰባት ቀን ጠብቆ ለሚመለስ አንባቢ ማስታወሻ እንዲሆን ነው፤ በየሳምንቱ በሬዲዮ ትረካ የተከታተለ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የሚያስቸግረው ቋንቋው ነው። ገና በምዕራፍ 1 ከመቃብር ቦታ ብድግ ያለው እስረኛ ልጁን ፒፕን ሞረድና «ዊትልስ» አምጣ ይለዋል። ብዙ መዝገበ ቃላት ውስጥ ይህን ቃል ማግኘት ያስቸግራል። «ቪትልስ»፣ ማለትም ምግብ፣ ለማለት ነው፤ የሰውዬው አነጋገር «ቪ»ን «ዊ» ያደርገዋል። መፍትሔው ንግግሩን ጮክ ብሎ ማንበብ ነው፤ ዓይን የሳተውን ጆሮ ይይዘዋል።

ሦስተኛውና አራተኛው ሳምንት ላይ ገንዘቡን ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ ፓውንድ 20 ሺሊንግ፣ አንድ ጊኒ 21 ሺሊንግ ነው። ፒፕ ለልብስ ብቻ 20 ጊኒ ሲቆጠርለት ልብስ ሰፊው ወዲያው ጎንበስ የሚልለት ለምን እንደሆነ ያኔ ይታያል።

ብዙ ሰው የሚያቋርጠው ከምዕራፍ 20 እስከ 38 ባለው ነው፤ ከአምስተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት መሆኑ ነው። ፒፕ ለንደን ገብቶ ዕዳ ያከማቻል፤ ታሪኩ የቆመ ይመስላል። ግን አልቆመም፣ ሒሳብ እየተመዘገበ ነው። በአንድ ወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ ይሠመር፦ ስም፣ የማይለወጥ ልማድ፣ ገንዘቡ ከማን መጣ። የሦስተኛው ዓምድ ባዶ ቦታዎች ምዕራፍ 39 ላይ በአንድ ሌሊት ይሞላሉ። ያን ምዕራፍ ለብቻው፣ ሳይቋረጥ፣ በአንድ ቁጭታ ማንበብ ነው።

ቅሬታዎቹ ሁሉ ግን በአነባበብ አይፈቱም። ግጥምጥሞሹ በዝቷል፤ የማይተዋወቁ የመሰሉ ሰዎች በመጨረሻ ዝምድናቸው ይወጣል። ይህ እውነተኛ ድክመት ነው፤ በየሳምንቱ ስለወጣ ነው ማለትም አያስተባብለውም።

ለቀሩት አራት ሳምንታት እትሙ ሁለቱንም መደምደሚያ የያዘ ይሁን። ዲከንስ መጀመሪያ የጻፈውን በወዳጁ በቡልዌር ሊተን ምክር ቀይሮ ነው ያሳተመው፤ የፊተኛው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1874 ነው። የፊተኛው መደምደሚያ ያለበትን አባሪ ምዕራፍ 59 ሳያልቅ አትክፈቱት።