ለ7ኛ ክፍል የሚሆን የቶርና የሎኪ ፊልም ስፈልግ

ሚኒሶታ ውስጥ በአንድ ሚድል ስኩል 7ኛ ክፍል አስተምራለሁ። አፈ ታሪክ ላይ ስንደርስ ሁሌም የምንከርመው ግሪክ ላይ ነበር። ዘንድሮ ግን ተማሪዎቼ የጥንት የስካንዲኔቪያ ሕዝቦች፣ የቫይኪንጎች፣ አማልክት የሆኑትን ባለ መዶሻውን ቶርንና ተንኮለኛውን ሎኪን ካልተማርን አሉ። እውነታቸውን ነው። በዚህ አካባቢ ቅድመ አያቶቻቸው ከኖርዌይና ከስዊድን የመጡ ልጆች ብዙ ናቸው። የግዛቱ የፉትቦል ቡድን ስሙ ቫይኪንግስ ነው። በዚያ ላይ ቶርና ሎኪ ካሉባቸው ከማርቬል ፊልሞች አንዱን እንኳ ያላየ ልጅ ክፍሌ ውስጥ የለም።

የሚነበበውን ማዘጋጀት አልከበደኝም። የከበደኝ ፊልሙ ነው። ለ12 እና ለ13 ዓመት ልጅ የሚሆን፣ ተረቱን ከሥሩ የማይለውጥ፣ ደም የማይጎርፍበት፣ ወላጅ ፊት የማያሳፍር ፊልም እንደ ልብ አይገኝም። እንዴት እንደተወጣሁት ልንገራችሁ። አስተማሪ ለሆነም፣ ቅዳሜ ማታ ከልጆቹ ጋር ሶፋ ላይ ለሚቀመጥ ወላጅም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ፊልም ከመፈለጌ በፊት ተረት መረጥኩ። ይሄ ሥራውን ሁሉ አቀለለልኝ። «ቫይኪንግ» ብላችሁ ስትፈልጉ የሚመጣላችሁ ሰይፍ፣ መርከብና በቀል ነው። አማልክቱ የሉበትም፤ ቢኖሩም ለስማቸው ብቻ ነው። ተረቱን አስቀድማችሁ ከያዛችሁ ግን እያንዳንዱን ፊልም የምትጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፦ ይሄ የትኛውን ተረት ነው የሚያወራው? መልስ ከሌለው ይለፍ።

ተረቶቹ በጽሑፍ የቆዩልን በአይስላንዶች ብርታት ነው። አንዱ ዋና ምንጭ ስኖሪ ስቱርሉሶን የሚባል ገጣሚና የአገር መሪ በ1220 አካባቢ ያዘጋጀው ኤዳ የተባለ የተረትና የግጥም መጽሐፍ ነው። ሌላው ደራሲዎቻቸው የማይታወቁ የጥንት ግጥሞች ስብስብ ነው። የዚህ ስብስብ ዋናው ብራና በ1270ዎቹ የተጻፈ ነው። ለዘመናት ዴንማርክ ተቀምጦ በ1971 በመርከብ ወደ አይስላንድ ተመለሰ። ይሄን ለተማሪዎቼ ስነግር ድምፄ ትንሽ ይለወጣል። በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱት ብራናዎቻችን ብዙዎቹ ዛሬም ለንደን ናቸውና።

የመረጥኳቸው ተረቶች ሦስት ናቸው፦ ቶር ወደ ግዙፎቹ አገር ያደረገው ጉዞ፣ የቶር መዶሻ የተሰረቀበት ታሪክና ባልደር የተባለው ተወዳጅ አምላክ ሞት። ሦስቱም ልጅ የሚገባው መጀመሪያና መጨረሻ አላቸው። ሦስቱም ውስጥ ሎኪ አለ። ሎኪ ካለ ደግሞ ልጆች አይተኙም።

ከዚያ ማበጠር ጀመርኩ። «ዘ ኖርዝማን» የ2022 ፊልም ነው። በጣም የተደከመበት ሥራ ነው፤ ግን ለአዋቂ የተሠራና በጭካኔ የተሞላ ስለሆነ ወዲያው ወጣ። «ኤሪክ ዘ ቫይኪንግ» የተባለው የ1989 ኮሜዲ ሽፋኑን ላየው የቤተሰብ ይመስላል። የሚከፍተው ግን አስገድዶ መድፈርን ቀልድ በሚያደርግ ትዕይንት ነው። ለማንም ልጅ አላሳይም። ከሁሉ በላይ ወላጆችን የማስጠነቅቀው «ትዋይላይት ኦፍ ዘ ጎድስ» ስለተባለው የ2024 ተከታታይ ነው። ካርቱን ነው፤ ቶርና ሎኪም አሉበት። የተሠራው ግን ለአዋቂ ነው፤ ደሙም እርቃኑም ብዙ ነው። ካርቱን ስለሆነ ብቻ ሪሞቱን ለልጅ ሰጥቶ ወጥ ቤት መግባት አይቻልም።

የድራጎኖቹ ፊልም፣ «ሃው ቱ ትሬይን ዩር ድራገን»፣ ለልጅ የሚሆን ቆንጆ ሥራ ነው። ብዙ ሰው እሱን አሳያቸው ይላል። እኔም እወደዋለሁ። ግን የአማልክቱን ተረት አያወራም። ሁለት ደቂቃ ብቻ ወሰድኩለት፤ እሱም ለቀንዱ ስል ነው። ቫይኪንጎች ቀንድ ያለው የራስ ቁር አድርገው ይዋጉ እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ምስሉ ዓለም ላይ እንዲናኝ ዋና ምክንያት የሆነው ካርል ኤሚል ዶፕለር የተባለ ጀርመናዊ ሠዓሊ በ1876 ባይሮይት ላይ ለታየ የዋግነር ኦፔራ ያዘጋጀው አልባሳት ነው። ልጆቹ ይሄን ሲሰሙ በጣም ተገረሙ። ከዚያ በኋላ ፊልም ባዩ ቁጥር «ይሄስ ከየት መጣ?» ማለት ለመዱ። እኔም የፈለግኩት ይሄንኑ ነበር።

በ2011 የወጣ አንድ የአይስላንድ አኒሜሽንም አየሁ። ቶር ወጣት አንጥረኛ ሆኖ፣ መዶሻው ደግሞ አፍ አውጥቶ እየተናገረ ይመጣል። ለ3ኛና ለ4ኛ ክፍል ጥሩ ነው። ለእኔ ተማሪዎች ግን ከተረቱ ራቀብኝ።

ልቤ የረካው በዴንማርኩ «ቫልሃላ» ነው። በ1986 የወጣ በእጅ የተሣለ የካርቱን ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ ፔተር ማድሰን ነው፤ መነሻውም እሱና ባልደረቦቹ የሠሩት የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ ነው። በእንግሊዝኛ የተቀዳ ቅጂ አለው። ያገኘሁት በቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ እርዳታ ነው። እዚህ አገር የሰፈር ቤተ መጻሕፍት የሌለውን ዲቪዲ ከሌላ ከተማ አስመጥቶ ያውሳችኋል። ይሄን አገልግሎት የማይጠቀም ወገን ብዙ ነው፤ እባካችሁ ተጠቀሙበት። ስትፈልጉ ግን ዓመቱን ተመልከቱ። በ2019 በዚሁ ስም በሰው ተዋንያን የተሠራ ሌላ የዴንማርክ ፊልም አለ፤ እሱ ጨለም ያለና የሚያስፈራ ነው።

ፊልሙን የወደድኩት ታሪኩን በልጆች ዓይን ስለሚያየው ነው። ቶርና ሎኪ በሁለት ፍየሎች በሚጎተት ሠረገላ መጥተው አንድ ድሃ ገበሬ ቤት ያድራሉ። ለእራት የሚቀርብ ስለሌለ ቶር ፍየሎቹን ያርዳል። ሥጋውን ብሉ፣ አጥንት ግን እንዳትሰብሩ ይላል። የገበሬው ልጅ ቲያልፊ አንዱን አጥንት ሰብሮ መቅኒውን ይበላል። ጠዋት ቶር በመዶሻው ፍየሎቹን ሲያስነሳቸው አንዷ ታነክሳለች። በዚህ ጥፋት ቲያልፊ የቶር አገልጋይ ይሆናል። ስኖሪ የጻፈውም በመሠረቱ ይሄንኑ ነው፤ በእሱ ጽሑፍ እህቱ ሮስክቫም አብራ አገልጋይ ትሆናለች። ክፍሉን እዚህ ጋ አቆምኩት። «ቅጣቱ ልክ ነው?» አልኳቸው። እርስ በርስ የተከራከሩት ክርክር እስከ ደወል አላለቀም። እንግዳ በሚበዛበት ቤት ያደገ ሁሉ የመቅኒን ጉጉት ያውቃል፤ አንድ ሶማሊያዊ ተማሪዬ «እኔም እሰብረው ነበር» ብሎ ለቲያልፊ ጥብቅና ቆመ።

ከዚያ በግዙፎቹ ምሽግ በኡትጋርድ የተደረገው ውድድር ይመጣል። ለዚህ ቀን ፊልሙን በጥያቄ ነው ያሳየኋቸው። ቶር የቀረበለትን ጠጅ ከቀንዱ ጠጥቶ መጨረስ ያቅተዋል። ድመት አንሣ ሲባል አንድ እግሯን ብቻ ያነሣል። ከአንዲት አሮጊት ጋር ታግሎ በአንድ ጉልበቱ ይንበረከካል። መልሱን ሳልነግራቸው ለምን ተሸነፈ ብዬ በወረቀት እንዲጽፉ አደረግኩ። ከዚያ የስኖሪን ገጽ አነበብኩላቸው። የቀንዱ ጫፍ ባሕር ውስጥ ነበር። ድመቷ ዓለምን የከበበው እባብ ናት። አሮጊቷ እርጅና ራሷ ናት። ፊልምና ጽሑፍ እንዲህ ጎን ለጎን ሲሄዱ ልጆች መጽሐፉን ራሳቸው ይጠይቃሉ። ፊልሙ ውስጥ ጠጅ መጠጣትና ድብድብ አለ፤ ይሄን ለወላጆች በጻፍኩት ደብዳቤ ላይ አስቀድሜ ገልጫለሁ።

የባልደርን ሞት ለማሳየት ረጅም ፊልም አላስፈለገኝም። ቴድ ኤድ የተባለ የትምህርት ቪዲዮ አዘጋጅ የሚያወጣቸው አምስት ደቂቃ ያህል የሚፈጁ አኒሜሽኖች አሉ። ሎኪ በአንዲት ለምለም ተቀጥላ ባልደርን እንዴት እንዳስገደለው የሚተርከው ለክፍል ልክ ነው። ስለ ቶር የግዙፎች አገር ጉዞም ሌላ አላቸው። አጭር ስለሆነ ሁለቴ ማየት ይቻላል፤ አንዴ ዝም ብሎ፣ አንዴ ማስታወሻ እየያዙ።

መዶሻው ለተሰረቀበት ታሪክ ግን የሚመጥን ፊልም አላገኘሁም። ስለዚህ ራሳችን ተወንነው። ግዙፉ ትሪም መዶሻውን ደብቆ ሴቷን አምላክ «ፍሬያን ዳሩልኝ» ይላል። ቶር የሙሽራ ልብስ ለብሶ፣ ሎኪ ሚዜ መስሎ ይሄዳሉ። «ሙሽራዋ» አንድ በሬና ስምንት ሳልሞን ትበላለች። ትሪም ሲደነግጥ ሎኪ «ወደ አንተ ለመምጣት ስትጓጓ ስምንት ሌሊት እህል አልቀመሰችም» ይላል። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አንዳንድ ተረት ካሜራ አይፈልግም።

ወደ ማርቬል ልምጣ። ብዙ አስተማሪ ይንቀዋል። እኔ አልናቅኩትም፤ ልጆቹ ይዘውት የመጡት እውቀት እሱ ነውና። ነገር ግን ሙሉውን አላሳየሁም። ከ2011ዱ «ቶር» እና ከ2017ቱ «ቶር፦ ራግናሮክ» አጫጭር ክፍሎች ብቻ ወሰድኩ። ሁለቱም ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ ወላጅ እንዲጠነቀቅ የሚመክር ምልክት ስላላቸው ፈቃድ ጠየቅኩ። ከዚያ ሰሌዳውን ለሁለት ከፈልነው። በፊልሙ ሎኪ የአማልክቱ አለቃና የቶር አባት የሆነው የኦዲን የማደጎ ልጅ ነው፤ በግጥሙ ግን የደም ቃል ኪዳን ወንድሙ ነው። በፊልሙ ሄላ የኦዲን ልጅ ናት፤ በኤዳ ሄል የሎኪ ልጅ ናት፤ ተኩላው ፌንሪርም ወንድሟ ነው። የቶር ጢም በጥንቱ ወግ ቀይ ነው። ሱርት የተባለው የእሳት ግዙፍ ግን በሁለቱም አለ፤ በሁለቱም ያቃጥላል። ከእሳቱ በኋላ ያለው ደግሞ ይለያል። በኤዳ ምድር ከባሕር ውስጥ ለምልማ ትወጣለች፣ ባልደር ይመለሳል፣ መዶሻውን የቶር ልጆች ይወርሳሉ። ተማሪዎቼ ይሄን አያውቁም ነበር። ታሪኩ በጥፋት የሚያልቅ ነበር የሚመስላቸው።

አንዲት ጥቁር ተማሪዬ ስለ አማልክቱ ዘብ ስለ ሄይምዳል ጠየቀችኝ። ጥቁሩ ተዋናይ ኢድሪስ ኤልባ በማርቬል ፊልም ይሄን ገጸ ባሕርይ እንዲጫወት ሲመረጥ የተቆጡ ሰዎች ነበሩ። እሷም ሰምታለች። አልሸፋፈንኩም። ስኖሪ ሄይምዳልን «ነጩ አምላክ» እንደሚለው አሳየኋት። ቀጥሎም ፊልሙ ቶርን ከጠፈር የመጣ አድርጎ ጢሙን ሲቀይር፣ አባቱን ሲያለዝብ፣ ሄልን የሌላ ሰው ልጅ ሲያደርጋት ማን ተቆጣ ብዬ ጠየቅኩ። መልሱን ክፍሉ ራሱ ደረሰበት።

ይሄ ጉዳይ ከክፍል ውጭም ያሳስበኛል። ናዚዎች ከጥንት ሰሜን አውሮፓ ሕዝቦች የድሮ ፊደል ወስደው ኤስኤስ የተባለው ታጣቂ ኃይላቸው ምልክት አድርገውታል። ዛሬም የዘር ጥላቻ የሚሰብኩ ቡድኖች የቶርን መዶሻና የጥንቱን ፊደል ይለጥፋሉ። ልጅ ብቻውን «የኦዲን ምልክቶች» ብሎ ኢንተርኔት ላይ ቢፈልግ ወዴት እንደሚወሰድ አይታወቅም። ስለዚህ ማንኛውንም ቪዲዮ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው አየዋለሁ። ሊንኩን ለቤት ሥራ ከመስጠት ይልቅ ቪዲዮውን ክፍል ውስጥ አብረን እናያለን። ለተማሪዎቼም ምልክቱ የማን እንደነበርና ማን እንደሰረቀው በግልጽ ነገርኳቸው።

ከወገን ወላጆችም ጥያቄ መጥቷል። አንዲት እናት ደወሉልኝ። «መምህርት፣ ልጄ ቤት ገብቶ ኦዲን፣ ቶር ይላል። እኛ ጾም ጸሎት የምናውቅ ሰዎች ነን። ጣዖት ነው እንዴ የምታስተምሩት?» አሉኝ። ሥጋታቸውን አልናቅኩም። «እማማ፣ ይሄን የጻፈው ስኖሪም ክርስቲያን ነበር» አልኳቸው። አይስላንድ ክርስትናን የተቀበለችው በ1000 አካባቢ ነው፤ እሱ የጻፈው ሁለት መቶ ዓመት ቆይቶ ነው። የጻፈውም ወጣት ገጣሚዎች የአባቶቻቸው ግጥም እንዳይጠፋባቸው እንጂ ለቶር እንዲሰግዱ አልነበረም። የምናየውን ፊልም ስምና የምንወያይበትን ጥያቄ በጽሑፍ ላክሁላቸው። ከልጃቸው ጋር ቤት አይተውት ፈቃዱን ፈርመው ላኩ።

ስለ ሕጉ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ አስተማሪ ይፈራዋል። የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ ለትርፍ ባልቆመ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ መምህሩ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት እያስተማረ፣ በሕጋዊ መንገድ ከተሠራ ቅጂ ፊልም ማሳየትን ይፈቅዳል። ለትምህርቱ መሆን አለበት፤ አርብ ከሰዓት ለማሳለፊያ ያህል ከሆነ አይሸፍነውም። የግል የስትሪሚንግ አካውንት ግን የራሱ ውል አለው፤ ብዙዎቹ ለቤት መጠቀሚያ ብቻ ነው የሚሉት። ዲቪዲ የመረጥኩት ለዚህ ነው።

ለሚቀጥለው ዓመት ቅደም ተከተሉን እቀይራለሁ። መዶሻውን መጀመሪያ አደርገዋለሁ፤ ልጆቹ ከሳቁ በኋላ ከባዱን የባልደርን ሞት በቀላሉ ይቀበሉታል። የወላጆች ደብዳቤም ትምህርቱ ሳይጀመር አስቀድሞ በአማርኛ፣ በሶማሊኛና በስፓኒሽ ይወጣል። አማርኛውን ጽፌ ጨርሻለሁ፤ የሚፈልግ አስተማሪ ካለ እሰጠዋለሁ።