መብራት ሲጠፋ የማይቆም የሥራ ጠረጴዛ

ድረ ገጽ የምንሠራ ሰዎች ስንገናኝ ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ የትኛው የኮድ መጻፊያ ይሻላል የሚል ነው። ደሴ ተቀምጦ ለሚሠራ ሰው ይህ ጥያቄ ቅንጦት ነው። እኔ መሣሪያን የምመዝነው መብራትም ኔትወርክም በሌሉበት ሰዓት ምን ያህል ያሠራኛል ብዬ ነው። ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ሁሉ በዚህ ወንፊት ያለፈ ነው።

ላፕቶፔ ያገለገለ ቲንክፓድ ቲ480 ነው። የመረጥኩት ለፍጥነቱ ሳይሆን ሁለት ባትሪ ስላለው ነው፤ አንዱ ውስጥ የተቀበረ፣ ሌላው ከውጭ የሚነቀል። የውጪውን ማሽኑ ሳይጠፋ መለወጥ ስለሚቻል አንድ ትርፍ ባትሪ ሞልቼ መሳቢያ ውስጥ አኖራለሁ። ራሙን ወደ 16 ጊጋባይት አሳደግኩት። ራውተሩን ደግሞ 12 ቮልት በሚሰጥ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ከባትሪው ኃይል በሚሰጥ መሣሪያ) ላይ ሰካሁት። ትልቁን ዩፒኤስ ሻጮች አጥብቀው ያሞግሱታል፤ ላፕቶፕ ላለው ሰው ግን ገንዘብ ማባከን ነው ባይ ነኝ።

ማሽኑ ላይ ኡቡንቱ የተባለው ሥርዓተ ክወና ተጭኗል፤ የምጽፈው በቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ ነው። ስለ እነዚህ ብዙ የምለው የለኝም። የኮድ ለውጦችን ታሪክ ስለሚመዘግበው ጊት ግን አለኝ። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲሠራው የአንድ ፕሮጀክት ሙሉ ታሪክ በእያንዳንዱ ሰው ማሽን ላይ እንዲኖር አድርጎ ነው። ስለዚህ ለውጥ መመዝገብ፣ ቅርንጫፍ መክፈት፣ የቆየውን ሥራ መመልከት ኔትወርክ አይጠይቅም። ጊትን ኮድ በኢንተርኔት ላይ ከሚቀመጥበት ከጊትሃብ ጋር አንድ አድርገው የሚያዩ ጀማሪዎች ኔትወርክ ሲጠፋ እጃቸውን አጣጥፈው ሲቀመጡ አያለሁ፤ ያሳዝነኛል። ለኖድ ፓኬጆች፣ ማለትም ሌሎች ሰዎች ለጻፏቸው ዝግጁ የኮድ ጥቅሎች፣ ፒኤንፒኤም የተባለውን ማውረጃ እጠቀማለሁ። አንድ ጊዜ የወረደውን ፓኬጅ በዲስኩ ላይ በአንድ ቦታ አስቀምጦ ለየፕሮጀክቱ ስለሚያያይዘው ያው ዕቃ ደግሞ ደጋግሞ ዳታ አይበላም። የፕሮግራም ቋንቋዎችን ማጣቀሻዎች ዴቭዶክስ በተባለው ድረ ገጽ በኩል አስቀድሜ አውርጃለሁ።

ከመሣሪያው ሁሉ ይበልጥ ያስተማረኝ ግን ኮምቦልቻ ላለ አንድ የግንባታ ዕቃ መደብር የሠራሁት የደንበኞች መዝገብ ነው። ባለቤቱ ፊደል በቅጡ የሚያውቁ አዛውንት ናቸው። አንድ ቀን ስልክ ደውለው፣ «ልጄ፣ ሰውየውን እኔው ራሴ ነኝ የመዘገብኩት፤ ማሽንህ ግን የለም ይለኛል» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ስሙን እንዴት ብለው ነው የፈለጉት?» አልኳቸው።

መዝገቡ ላይ «ኃይሉ» ተብሎ ተጽፏል፤ እርሳቸው የፈለጉት «ሀይሉ» ብለው ነው። ለእኛ ጆሮ አንድ የሆኑት ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ለኮምፒውተሩ ፈጽሞ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። መፍትሔው ስሙን በሁለት ዓምድ ማስቀመጥ ሆነ። አንደኛው ሰው እንደጻፈው ሳይነካ ይቀመጣል፤ ሁለተኛው ሞክሼ ፊደላቱን ሁሉ ወደ አንድ ወጥ ቅርጽ ያመጣና ለፍለጋ ብቻ ያገለግላል። የተፈለገውም ቃል በዚያው መንገድ ያልፋል። የሰውን ስም አርሞ ማሳየት ግን ነውር ነው፤ ኃይሉ በኃ ከጻፈው በኃ ይታይለት።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ፕሮጀክት ስጀምር አስቀድሜ የማስተካክላቸው ነገሮች አሉ። የመረጃ ቋቱ ፊደላትን የሚያስቀምጠው ዩቲኤፍ 8 በተባለው አሠራር መሆኑን አረጋግጣለሁ። በዚህ አሠራር እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ የዓምድ ርዝመት በባይት በሚቆጠርበት ቦታ ረጅም ስም እንዳይቆረጥ ይህን ማሰብ ግድ ነው። ቀኑን በዓለም አቀፉ አቆጣጠር አስቀምጬ ለተጠቃሚው በኢትዮጵያ አቆጣጠር አሳያለሁ። ድረ ገጾች የሚሠሩበት ቋንቋ ጃቫስክሪፕት የኢትዮጵያን ካላንደር በራሱ ያውቀዋል፤ ሰዓቱን ግን አያውቅም። ከጠዋቱ 9 ሰዓትን 3 ሰዓት ብሎ ለማሳየት 6 ሰዓት የሚቀንሰውን መስመር ራሴ እጽፋለሁ።

በኮድ መጻፊያው ውስጥ ከተለመደው ፎንት ቀጥሎ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን አስገብቻለሁ። የአማርኛ ኪቦርድ ሳይጠፋ ኮድ መጻፍ ከተጀመረ በእንግሊዝኛው ሴሚኮለን (;) ቦታ የእኛው ድርብ ሰረዝ (፤) ይገባና ፕሮግራሙ አልሄድም ይላል። በዓይን ለመለየት አስቸጋሪ ነው፤ ስለዚህ ኮድ ውስጥ የገባ ድርብ ሰረዝን በቀይ የሚያሳይ ደንብ ጨምሬበታለሁ።

ሙከራውን የማደርገው በርካሽ አንድሮይድ ስልክ ነው፤ በዩኤስቢ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቼ ስህተቱን በክሮም እከታተላለሁ። ደካማ ኔትወርክን የሚያስመስለው የብሮውዘሩ ፍጥነት ማዘግያ ጥሩ ነገር ነው፤ የእኔ እውነተኛ ፈተና ግን በሐረጎ በኩል ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ሚኒባስ ነው። በመንገድ ላይ የሚከፈት ገጽ መደብሩ ውስጥም ይከፈታል። ወደ ሞቃቱ ኮምቦልቻ ስንቃረብ የላፕቶፔ ማራገቢያም መጮህ ይጀምራል፤ ደሴ ላይ ድምፁን የምሰማው ከስንት አንዴ ነው።

ሥራውን ድረ ገጹ ወደሚቀመጥበት ሰርቨር የምልከው አርሲንክ በተባለው የፋይል መላኪያ ነው፤ የተለወጠውን ብቻ ስለሚልክ መሐል ላይ ቢቋረጥ ዳግም ከዜሮ አልጀምርም። የምልከውም ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ነው። አንድ ነገር ከተበላሸ ጋሼ መደብሩን ከፍተው ሳይደውሉልኝ በፊት ወደ ቀድሞው ለመመለስ ጊዜ አለኝ።