ከስድስት ኪሎ እስከ እንገጫ

መጽሐፉን የገዛሁት ስድስት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው። ይዤው ስወጣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ደረጃ ፊት ለፊት ቆምኩ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዚሁ ነው። በእጄ የያዝኩት ደግሞ የዚያ ቀን በቀል ሰሜን ሸዋ ድረስ ሄዶ ምን እንደሠራ የሚተርከው የኢያን ካምቤል መጽሐፍ ነው፤ ስለ ደብረ ሊባኖስ ጭፍጨፋ። በፈረንጆች 2014 ያሳተመው የዩኒቨርሲቲው ፕሬስ ነው። ቦምቡ የተወረወረበት ግቢ ታሪኩንም አሳትሞ አወጣው። ይህን ሳስብ መጽሐፉን ቤቴ ቁጭ ብዬ ማንበቡ ብቻ አልዋጥልኝ አለ። ግንቦት እስኪደርስ ጠበቅሁና በ2008 ዓ.ም. ቀኖቹን እየተከተልኩ ወጣሁ።

ግንቦት 12 አርብ ዋለ። የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም ስለሆነ በሱሉልታ፣ በጫንጮና በሙከ ጡሪ በኩል ያለው የጎጃም መንገድ ነጭ በለበሰ ሰው ተሞልቶ ነበር። ገዳሙ ስደርስ እግር ማሳረፊያ የለም። ከባሕር ዛፍ ሥር አንሶላ ያነጠፈ አለ፤ ጠበል ሊቀዳ ጄሪካን ይዞ የተሰለፈ አለ፤ ልጅ አዝላ የቆመች አለች። መጽሐፉን ቤቴ ሳነብ ያልገባኝ ነገር እዚያ ገባኝ። የግራዚያኒ ጦር በጄኔራል ማሌቲ እየተመራ ገዳሙን የከበበው በዚሁ በዓል ሰሞን ነው። በግቢው ውስጥ መነኮሳቱ ብቻ አልነበሩም፤ ከየአገሩ የመጣ ምእመንም ነበር።

ግራዚያኒ ወደ ሮም በላካቸው ቴሌግራሞች 297 መነኮሳትና 23 ሌሎች ሰዎች ግንቦት 13 መረሸናቸውን፣ ከቀናት በኋላም 129 ዲያቆናት መረሸናቸውን ይገልጻል። ድምሩ 449 ነው። ካምቤል ከደግፌ ገብረ ጻድቅ ጋር ሆኖ በ1980ዎቹ የአካባቢውን ሽማግሌዎች እየዞረ ጠይቆ የደረሰበት ግምት ግን ከአንድ ሺህ በእጅጉ ይበልጣል። የዚህ ዓይነቱ መጽሐፍ ዋጋ ለኔ እዚህ ላይ ነው። ቴሌግራሞቹ የገዳዩ ቆጠራ ናቸው። ከሩቅ አገር ለበዓል መጥቶ የቀረውን ሰው የሚያውቀው ግን ሳይመለስ ሲቀር የጠበቀው ቤተሰብና ያየው የአካባቢው ገበሬ ነው።

ግንብ ተደግፌ ሳነብ አጠገቤ የተቀመጡ እናት፣ «ገድል ነው ልጄ?» አሉኝ።

«አይ እማማ፣ ታሪክ ነው። እዚህ የተረሸኑት መነኮሳት ታሪክ።»

«ታዲያ ለብቻህ ታነበዋለህ? ጮክ በል እንጂ!»

መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው። እየተረጎምኩ ጀመርኩ። መጀመሪያ ቃሉ እየጠፋኝ እንተባተብ ነበር፤ ቆየት ሲል ግን «በካሚዮን ጫኗቸው» የሚለው ላይ ስደርስ አፌ ተፈታ። ሰው ከበበን። አንድ ሽማግሌ የቦታ ስም ስሳሳት ያርሙኝ ነበር። እኚያ እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው አንድ ቃል አልተናገሩም።

በማግስቱ፣ ግንቦት 13፣ መነኮሳቱ የተረሸኑበትን ላጋ ወልዴን አየሁ። በኮረብታ የተከበበ ሜዳ ነው፤ ከመንገድ አይታይም። ስለ እሱ ብዙ ለመጻፍ አልችልም።

ዲያቆናቱ ወደ ደብረ ብርሃን ተወስደው እንገጫ በሚባል ቦታ የተረሸኑት ግንቦት 18 ነው። እኔም አዲስ አበባ ተመልሼ ሰነበትኩና ረቡዕ ግንቦት 17 ከላም በረት ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሰንዳፋ፣ አለልቱ፣ ሸኖ፣ ጫጫ። ከሸኖ በኋላ ብርዱ በመስኮት መግባት ይጀምራል።

ደብረ ብርሃን ያሳደሩኝ የዘመዴ ባልንጀራ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር፣ የሰያደብር ሰው። ረቡዕ ቢሆንም ሃምሳው አልወጣምና ዶሮ ቀረበልን። ከራት በኋላ ጋሼ ከቁም ሳጥን ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለ መጽሐፍ አወጡ። የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የሕይወት ታሪክ ነው። ይህንንም በ1999 ዓ.ም. ያሳተመው ያው የዩኒቨርሲቲው ፕሬስ ነው፤ ባለታሪኩ ካረፉ ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ። «የአገሬ ልጅ እኮ ናቸው» አሉ ጋሼ። ሰያደብር ተወልዶ፣ በልጅነቱ ሐረር ወርዶ፣ ዐድዋን አይቶ፣ ሩሲያ ሄዶ መድፈኛነት የተማረ፣ ኋላም የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቀና ጄኔቫ ላይ ስለ ኢትዮጵያ የተከራከረ ሰው ነው። ጋሼ ግን የሚወዱት የልጅነቱን ምዕራፍ ነው። ገጾቹ በጣት ብዛት ጠቁረዋል። መንደሩንና ወንዙን በስም ሲያገኙ እንደ ዘመድ ሰላምታ ይሰጧቸዋል።

እሳቸውም በወጣትነታቸው ስለ አገራቸው የመመረቂያ ጽሑፍ ጽፈዋል። የታሪክ ትምህርት ተማሪዎች በየአገራቸው ወርደው ከሽማግሌ አፍ እየለቀሙ የጻፏቸው፣ በታይፕ የተመቱ ጥራዞች ስድስት ኪሎ መደርደሪያ ላይ ብዙ ናቸው። የጋሼ የራሳቸው ቅጂ ቤት ሲቀይሩ ዝናብ ገብቶበት ተበላሽቷል። «ያናገርኳቸው ሽማግሌዎች ሁሉ ሞተዋል» አሉኝ። «ልጆቻቸው የአባቶቻቸው ቃል የት እንዳለ አያውቁም።» እነዚያ ጥራዞች ተመርጠው በአማርኛ ቢታተሙ፣ ሰሜን ሸዋ የራሱን ታሪክ በራሱ ቋንቋ ያነባል። ይህን ከልቤ እመኛለሁ።

ሐሙስ ጠዋት እንገጫ ሄድን። የድንጋይ ካብ፣ ኩበት የተቆለለበት ደጅ፣ የበጎች መንጋ። ጋሼ አንድ ጋቢ የደረቡ አዛውንት አስቆሙና የመጣሁበትን ነገሯቸው።

«ልጆች ነበሩ ይል ነበር አባቴ» አሉ። ከዚያ መጽሐፉን ተቀብለው ገልበጥ ገልበጥ አደረጉት። «የኛ ቦታ ስም አለበት?»

ገጹን አውጥቼ በጣቴ አሳየኋቸው። ፊደሉን ጠጋ ብለው፣ ቀና ብለው አዩት።

«ይሄ እንገጫ ይላል?»

«አዎ አባቴ።»

«በኛ ፊደል ጻፍበት።»

እስክሪብቶ አውጥቼ በገጹ ጠርዝ ላይ እንገጫ ብዬ ጻፍኩ። ፊደል የቆጠሩት ቄስ ትምህርት ቤት ነው፤ ጣታቸውን እያስኬዱ «እን-ገ-ጫ» ብለው አነበቡት። ቀጥለው «ቁጥሩንም» አሉ። 129 ብዬ ጨመርኩ። መጽሐፉን መለሱልኝና ቆባቸውን አውልቀው ወደ ሜዳው ዞሩ። እኛም ቆምን።

መጽሐፉን ለጋሼ ትቼላቸው መጣሁ፤ ለሰፈሩ ተማሪዎች እየተረጎሙ ሊያነቡላቸው ነው። አዲስ አበባ ስገባ ስድስት ኪሎ ሄጄ ሌላ ቅጂ ገዛሁና ያንኑ ገጽ አውጥቼ ጠርዙ ላይ በድጋሚ ጻፍኩ።