ከፍላሽ ወደ ፍላሽ፦ ነፃ ጌሞች ለአሮጌ ላፕቶፕ

ደሴ ውስጥ ጌም የሚዳረሰው በፍላሽ ነው። አንዱ ከአዲስ አበባ ይዞ ይመጣል፣ ጓደኛው ይገለብጣል፣ ከዚያ ፊልም የሚጭኑ ቤቶች ጋ ይደርሳል፣ ብዙም ሳይቆይ ግማሹ ሰፈር አለው። ችግሩ አብዛኛው ክራክ፣ ማለትም መቆለፊያው ተሰብሮ ሳይከፈልበት የሚሠራ ጌም፣ መሆኑ ነው። ገና ሴታፑን ስትከፍቱ "አንቲቫይረሱን አጥፉ" ይላችኋል። የመመረቂያ ጽሑፉን፣ የሱቁን ሂሳብ፣ የሠርጉን ፎቶ ሁሉ እዚያው ላፕቶፕ ላይ ያስቀመጠ ሰው ለአንድ ጌም ብሎ በሩን ወለል አድርጎ ሲከፍት ሳይ ያናድደኛል። ምክንያቱም ሌላ መንገድ አለ።

በሕግ ነፃ የሆኑ ጌሞች አሉ። ኦፕን ሶርስ ይባላሉ። ፈቃዳቸው ላይ መገልበጥም ለሌላ መስጠትም እንደሚቻል በግልጽ ተጽፏል። ስለዚህ እኛ ከድሮም የምናደርገውን ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የመገልበጥ ነገር ማንንም ሳንሰርቅ ማድረግ እንችላለን ማለት ነው። ለኛ ከተማ ከዚህ የሚሻል አላገኘሁም።

ነፃ የተባለ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ዶታ 2 እና ፎርትናይት ነፃ ናቸው፣ ግን ኢንተርኔት ከተቋረጠ የሉም፤ አፕዴታቸውም ፓኬጅ ይጨርሳል። ኤፒክ ጌምስ ስቶር በየሳምንቱ ሐሙስ የሚሸጥ ጌም በነፃ ይሰጣል፣ አንዴ ከወሰዳችሁት የናንተ ሆኖ ይቀራል። አካውንት ከፍታችሁ መሰብሰቡ አይከፋም። ማውረዱ ግን ብዙ ጊጋ ነው፣ የሌሊት ፓኬጅ ያለው ይሞክረው።

እኔ ጌም የምመርጠው በሁለት ነገር ነው። ያለ ኢንተርኔት ይሠራል ወይ? መብራት ቢሄድና የላፕቶፑ ባትሪ የሞተ ቢሆን ምን አጣለሁ?

ለሁለተኛው ጥያቄ ባትል ፎር ዌስኖትን የሚያክል የለም። ከ2003 ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ የጦርነት ጌም ነው፣ እንደ ቼዝ በተራ የሚኬድ። በየተራው ራሱ ሴቭ ያደርጋል፣ መብራት ሲመጣ ካቆማችሁበት ትቀጥላላችሁ። ደግሞ ጥልቅ ነው። አንዳንዱ ወታደር ቀን ይበረታል፣ ሌላው ሌሊት፤ ኤልፎቹ (የተረት የጫካ ሰዎች) ጫካ ውስጥ ሲሆኑ መምታት ይከብዳል፤ ስለዚህ መቼና የት እንደምትገጥሙ ሳታስቡ አንድ እርምጃ አትሄዱም። ብዙ ጊዜ ተዋግቶ ያደገ ወታደር ከሞተ ደግሞ ሞተ ነው፣ አይመለስም። ለዚህ ነው ሰው የሚሳሳላቸው። ግራፊክስ ካርድም አይፈልግም።

ልጆች ካሉ ሱፐርታክስካርት ነው። የመኪና ውድድር፣ ሾፌሮቹ የነፃ ሶፍትዌሮች ምልክቶች ናቸው፣ የሊነክስ (የነፃው ኦፕሬቲንግ ሲስተም) ፔንግዊን ዋናዋ። ስክሪኑን ለሁለት ከፍሎ ሁለት ሰው ያጫውታል። ከሴቲንጉ ለሁለተኛው ልጅ የኪቦርድ ቁልፍ መጨመር ብቻ ነው። የእህቴ ልጆች ክረምት ላይ፣ ጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ከቤት መውጣት ሲያስጠላ፣ አንድ ኪቦርድ ላይ ተጋፍተው ሲጫወቱ ጩኸታቸው ጎረቤት ይሰማል። ከከበዳቸው ግራፊክሱን ዝቅ አድርጉት፣ ይሮጣል።

አሁን ወደ ራሴ ፍቅር ልምጣ። ኦፕን ቲቲዲ። በ1995 የወጣ ትራንስፖርት ታይኩን ዴሉክስ የተባለ ጌም ላይ ተመሥርቶ በ2004 የተጀመረ ነው፤ በጣም ትንሽ ነው፣ የትኛውም ላፕቶፕ ይችለዋል። ሥራችሁ መንገድና ባቡር መዘርጋት፣ ሰውና ዕቃ ማጓጓዝ፣ ማትረፍ። ጨዋታው 1950 ላይ ይጀምራል፣ መኪናዎቹ ያረጁ ናቸው፣ ብር ስታገኙና ዓመቱ ሲገፋ አዳዲስ ይመጣሉ። የከተሞቹን ስም መቀየር ስለሚቻል እኔ ተራራማ ካርታ መርጬ ከላይ ያለችውን ደሴ አልኳት፣ ከታች ሜዳው ላይ ያለችውን ኮምቦልቻ፣ ከዚያ ሐይቅ፣ ሀርቡ፣ ከሚሴ እያልኩ ቀጠልኩ። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው ግን በሐረጎ ዳገት በኩል የወጣ ሰው መኪናው እንዴት እንደሚያቃስት ያውቃል። ጌሙም ያውቃል! ጭነት የያዘ መኪና ዳገት ላይ ይንፏቀቃል፣ ከኋላ ያሉት ይሰለፋሉ፣ ገቢያችሁ ይቀንሳል። ያኔ ነው ተራራውን ዞሮ የሚሄድ ረጅም መንገድ ይሻላል ወይስ ብዙ ብር አውጥቶ ዋሻ መቆፈር የሚለው ጥያቄ የሚመጣው፣ እና እመኑኝ በዚህ ጥያቄ ምክንያት አንድ ሙሉ እሑድ ያልቃል። በኮምቦልቻ የሚያልፈውን የአዋሽ ሐራ ገበያ የባቡር መስመር ያየ ሰው፣ ያ መሬት ላይ ሐዲድ መዘርጋት ምን ማለት እንደሆነ በዚህ ጌም ትንሽ ይገባዋል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። መጀመሪያ ስትከፍቱት ሥዕሎቹን ከኢንተርኔት ላውርድ ይላል፣ እሺ በሉት። ለጓደኛ ስትገለብጡ ዶክመንትስ ውስጥ የሚፈጥረውን ፎልደርም አብራችሁ ስጡ፣ አለበለዚያ እሱ ጋ ኢንተርኔት ከሌለ አይነሳም።

ላፕቶፓችሁ ሻል ያለ ከሆነ ዜሮ ኤዲን አውርዱ። ከ1 ጊጋ በላይ ነው፣ ግን ይገባዋል። የጥንት መንግሥታትን ከተማ ገንብቶ ጦር ማዝመት ነው። ሮም፣ ፋርስ፣ ካርቴጅ አሉ፣ ከነሱ ጋር ኩሽ አለች፤ ጎረቤታችን ሱዳን ያለችው የሜሮኤ ኩሽ፣ ከነፒራሚዷ፣ ከነቀስተኞቿ። አፍሪካ በታሪክ ጌም ውስጥ ግብፅ ብቻ ሆና ስለለመድን እኔን በጣም ደስ ብሎኛል። ብዙ ጦር ሲሰበሰብ አሮጌ ማሽን ይንተባተባል፣ ስለዚህ ትንሽ ካርታ ምረጡ።

ስታወርዱ ሁልጊዜ ከጌሙ የራሱ ድረ ገጽ ይሁን። ጎግል ላይ ከላይ የሚመጣው ሁሉ እሱ አይደለም፤ "ዳውንሎድ" የሚሉ ብዙ አረንጓዴ ቁልፎች የተደረደሩበት ገጽ ካያችሁ ውጡ፣ አብዛኞቹ ማስታወቂያ ናቸው። ትናንሽና ለየት ያሉ ነገሮች የሚወድ ኢች ዶት አይኦ የሚባል ድረ ገጽ ላይ ዋጋውን "ነፃ" ብሎ ይፈልግ፣ ብሮውዘር ላይ የሚጫወቷቸውም አሉ።

ብቻችሁንም አትጫወቱ። ኢንተርኔት የለም ብላችሁ አትጨነቁ፣ አብሽሩ፤ አንዱ ስልኩ ላይ ሆትስፖት ይክፈት፣ ሞባይል ዳታውን ያጥፋ፣ ሌሎቻችሁ ላፕቶፓችሁን ከሱ ጋር አገናኙ። ከላይ የጠራኋቸው አራቱም በዚህ መንገድ እርስ በርስ ያጫውታሉ፣ አንድ ሜጋ ሳይቆጥር። ሁላችሁም ጋ አንድ ዓይነት ቨርዥን መኖሩን ብቻ አረጋግጡ፣ ቨርዥኑ ከተለያየ አያገናኝም።