ከቬኒስ ጡብ ያልወጣው ጨው

ባለፈው ኅዳር አክስቴን ለመጠየቅ ከቦሎኛ በባቡር ተነሥቼ ቬኒስ ገባሁ። አክስቴ የምታድረው ከባሕሩ ወዲህ፣ ሜስትሬ ነው፤ የምትሠራው ግን ቬኒስ ውስጥ፣ ካናሬጆ በሚባለው ሰፈር አንዲት አረጋዊት ሲኞራ እየጦረች ነው። ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ «ነዪ፣ ቱሪስቱ የማያየውን ላሳይሽ» ብላ ከምድር ቤቱ በር ጀርባ ወዳለው ግድግዳ ወሰደችኝ። ጡቡ እስከ ደረቴ ድረስ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። አውራ ጣቴን ሳሳርፍበት ልስኑ እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ፤ ጣቴን ብቀምሰው ጨው ነው።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 12 ቀን 2019 ሌሊት የባሕሩ ሙላት ከመለኪያው መነሻ በላይ 187 ሳንቲሜትር ደርሶ ከከተማዋ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው በውኃ ተውጦ ነበር። ከዚህ የሚበልጥ ከፍታ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1966 ብቻ ሲሆን እርሱም 194 ሳንቲሜትር ነው። በዚያ ሌሊት አክስቴ ሲኞራዋን ደግፋ ወደ ፎቅ ስታወጣ ፍሪጁ ከወለሉ ተነሥቶ ይንሳፈፍ ነበር። «ውኃውስ በማግስቱ ወጣ፤ ጨው ነው አልወጣ ያለን» አለችኝ።

የጥንት ግንበኞች ይህን ያውቁ ነበር። ከሥር ውኃ የማይመጥ የኢስትሪያ ድንጋይ ደርድረው ጡቡን ከላይ አኖሩት። ዛሬ ግን የባሕሩ አማካይ ከፍታ፣ እ.ኤ.አ. በ1897 ከተወሰነው የመለኪያ መነሻ ወደ 30 ሳንቲሜትር ገደማ ስለ ጨመረ ውኃው ድንጋዩን አልፎ ጡቡን ይነካል። ከጭማሪው ከፊሉ የመሬቱ መስጠም ነው፤ ከሜስትሬ አጠገብ ያሉት የማርጌራ ፋብሪካዎች እ.ኤ.አ. እስከ 1970ዎቹ ድረስ የከርሰ ምድር ውኃ ይስቡ ነበርና። ቀሪው የዓለም ሙቀት ያመጣው ነው፤ ባሕር ሲሞቅ ይሰፋል፣ ከየብስ የቀለጠው በረዶም ይጨመርበታል። ጡቡ የጠጣው ውኃ ሲደርቅ ጨዉ ውስጡ እየጠጠረ ከውስጥ ወደ ውጭ ይሰነጥቀዋል።

በሁለተኛው ቀን ሲሮኮ የሚባለው የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ስለ በረታ የሙላት ማስጠንቀቂያ ተነገረ። እኔም በጀልባ ወደ ሊዶ ደሴት ተሻግሬ «ሞዜ» የተባለውን የባሕር ሙላት መከላከያ በር አየሁ። በሦስት መግቢያዎች ላይ የተተከሉት 78 ቢጫ የብረት ሳጥኖች በአዘቦት ቀን ውኃ ሞልቷቸው ከባሕሩ ወለል ተኝተው ይውላሉ፤ ከ110 ሳንቲሜትር በላይ ሙላት ሲጠበቅ አየር ይነፋባቸውና ውኃውን ተፍተው በማጠፊያቸው ይነሣሉ። ከበሩ ውጭ ባሕሩ አረፋ እየደፈቀ ሲላተም፣ ከውስጥ በኩል ላጉናው፣ ማለትም ከተማዋን የከበበው ጥልቀት የሌለው የባሕር ውኃ፣ እንደ ገበታ ረግቶ ሳይ አምላኬን አመሰገንሁ። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2020 ጀምሮ ይህች ከተማ ከብዙ ጥፋት የዳነችው በእነዚህ በሮች ነው።

ሆኖም የቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ዝቅተኛ ስለ ሆነ፣ በሮቹ ሊነሡ ከሚገባቸው ከፍታ በታችም ውኃ ይገባዋል፤ ቤተ ክርስቲያኑን ብቻ ለማዳን እ.ኤ.አ. በ2022 ዙሪያውን በመስታወት ግንብ ከልለውታል። ባሕሩ እየጨመረ በሄደ ቁጥር በሮቹ በየጊዜው መዘጋታቸው አይቀርም፤ በተዘጉ ቁጥር ደግሞ መርከቦች ደጅ ይቆማሉ፣ ሕይወቱ ከባሕሩ ጋር ውኃ በመለዋወጥ የጸናው ላጉናም ትንፋሹ ይቋረጣል። ስለዚህ በሮቹን እንደ እፎይታ እንጂ እንደ መድኃኒት ልቆጥራቸው አልቻልሁም።

ከመመለሴ በፊት በአደባባዩ ዳር በማርቺያና ቤተ መጻሕፍት የሚገኘውን፣ መነኩሴው ፍራ ማውሮ እ.ኤ.አ. በ1450 ገደማ የሠራውን የዓለም ካርታ አየሁ። ደቡብን ወደ ላይ አድርጎ ስለ ሣለው አገራችን ከላይ በኩል ትገኛለች፤ ዓባይም በስሙ ተጽፏል። መነኩሴው ይህን የነገሩትና ወንዞቹን በገዛ እጃቸው የነደፉለት የአገሩ ተወላጅ ካህናት እንደ ሆኑ በካርታው ላይ ጽፏል። አባቶቻችን እስከዚህ ደርሰው የተናገሩት ቃል ባሕሩ ከማይደርስበት ፎቅ ላይ መቀመጡን ሳይ ደረቴ ቀለለኝ።

ማታ ካናሬጆ ስመለስ አክስቴ ከግድግዳው ሥር የረገፈውን ጨው ትጠርግ ነበር። ያን ቦታ ጠዋትም ጠርጋው ነበር።