ሙሉ ተመላሽ፣ በብር

እማዬ የመርከብ ሽርሽር አልጠየቀችም። የፈለገችው ፍጥሞን መሳለም ብቻ ነው። ዮሐንስ ራእዩን ያየባት ደሴት ዛሬም ግሪክ ውስጥ እንዳለች፣ ዋሻውም ገዳሙም እንዳለ፣ ሰው እየሄደ እንደሚሳለም ሰማች። ከዚያ ወዲያ በቃ፣ ሌላ ወሬ የለም።

ሜሪላንድ ያለችው እህቴ እንዲህ ያለ ነገር ስትሰማ አያስችላትም። ፈልጋ ፈልጋ አንድ መርከብ አገኘች። ከአቴንስ አጠገብ ካለው የፒሬዎስ ወደብ ተነስቶ ደሴቶቹን ለጥቂት ቀን ዞሮ የሚመለስ ነው። ፍጥሞ ይቆማል። ሮድስ ይቆማል። ቱርክ ተሻግሮ ኩሻዳሲ ላይም ይቆማል፤ ከዚያ ኤፌሶን ቅርብ ነች። ፍጥሞና ኤፌሶን በአንድ ጉዞ። እማዬ በስልኩ በኩል እልል ልትል ምንም አልቀራት።

ሥራውን ተከፋፈልን። መርከቡና የራሷ በረራ የእህቴ ነው፤ በካርድ፣ በዶላር። የእማዬ የአውሮፕላን ትኬት የእኔ ነው፤ በብር፣ ቦሌ ካለ ትኬት ቢሮ። የብር ካርድ ይዤ የውጭ ድረ ገጽ ላይ ብገባ ማን ይሸጥልኛል? ስለዚህ ወደ ቢሮ መሄድ ግድ ነው። ከቱሉ ዲምቱ ቦሌ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዞ ነው። ወደ አዳማ የሚወስደው ፈጣን መንገድ የሚጀምረው እኛ ሰፈር ነው። ወደ ከተማ ለመግባት ግን ፈጣን የሚባል ነገር የለም። ታክሲ ሰልፍ፣ ቃሊቲ፣ ሳሪስ፣ እንደገና ሰልፍ።

ስለ ተመላሽ ገንዘብ የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት በዚህ አንድ ጉዞ ነው። እናት አንድ፣ ጉዞ አንድ። የእህቴና የእኔ ገንዘብ አመላለስ ግን በጭራሽ አይገናኝም።

ከእሷ ልጀምር። የራሷን ትኬት ከዋሽንግተን አቴንስ ቆረጠች። በማግስቱ ጠዋት ያው በረራ ረክሶ አገኘችው። ሰረዘችና በአዲሱ ዋጋ እንደገና ቆረጠች። የመጀመሪያው ገንዘብ ሙሉውን ወደ ካርዷ ተመለሰ። "እንዴት ሆኖ?" አልኳት። አሜሪካ ውስጥ ደንብ አለ አለች። ከአየር መንገዱ በቀጥታ ከገዛህና ለበረራው 7 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ከቀረው፣ አየር መንገዱ ወይ በ24 ሰዓት ውስጥ ያለ ቅጣት እንድትሰርዝ ይፈቅዳል፣ ወይ ሳያስከፍል ዋጋውን ለ24 ሰዓት ይይዝልሃል። ለአሜሪካ በረራ ነው እንግዲህ። ከቦሌ አቴንስ የምትበር እናት በዚህ ደንብ ውስጥ የለችም። ከሌላ ሻጭ ከገዛህም ሻጩን አያስገድደውም። እህቴ ይህን የነገረችኝ ማታ አራት ሰዓት ላይ ነው፤ እሷ ጋ ገና ከሰዓት ነው። መብራት ስለሌለ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ነው የሰማኋት። ኔትወርክ እዚያ ይሻላል።

ወደ እማዬ ልመለስ። ለቪዛው ኤምባሲ የሚያስፈልገው የበረራ ማስያዣ ነው። የተከፈለ ትኬት ግዴታ አይደለም። ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። የቪዛው ክፍያም በዚያው ሰሞን ከ80 ወደ 90 ዩሮ ከፍ አለ። ተከለከልክም ተሰጠህም፣ እሱ አይመለስም። ትኬት ቢሮው የያዘልን ቦታ ግን የሚቆየው ለአጭር ጊዜ ነው። ቀኑ ሲያልፍ ይለቀቃል፣ ዋጋውም በነበረበት አይጠብቅህም። ከእህቴ ጋር ተነጋገርን። ጉዞው ጥቅምት ላይ ነው፣ ዋጋው እየወጣ ነው፣ እንክፈል አልን። ሰኔ ላይ ከፈልኩ። የትኬቱ ደንብ፣ እኛ ከሰረዝን ቅጣት ይቆረጣል፣ ቀሪው ይመለሳል የሚል ነበር።

ቪዛው ዘገየ። ምክንያቱ እማዬ አይደለችም። በአውሮፓ አቆጣጠር ኤፕሪል 2024 ላይ የአውሮፓ ኅብረት በኢትዮጵያውያን ላይ የቪዛ ሕጉን አጥብቆ ነበር። መልስ የሚሰጥበት ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ተራዘመ። ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛም ቀረ። ምክንያታቸው ሕጋዊ ፈቃድ የሌላቸው ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ሲመለሱ መንግሥት በቂ ትብብር አላደረገም የሚል ነው። ፍጥሞን ልሳለም ያለች እናት እዚህ ውስጥ ምን አላት? ይህንን እሷም ጠይቃኛለች። መልስ አልነበረኝም።

ፓስፖርቱ ኤምባሲ እንዳለ፣ ሐምሌ መግቢያ ላይ፣ አየር መንገዱ የበረራ ሰዓት ቀየረ። ትራንዚቱ ተበላሸ። ሁለተኛው አውሮፕላን የሚነሳው በማግስቱ ሆነ። እማዬ በዚያ ጉልበቷ አየር ማረፊያ ወንበር ላይ ልታድር ነው። ስልኬ ላይ መልእክት መጣ፤ አዲሱን ሰዓት "ተቀበል" የሚል ቁልፍ አለው። ለትኬት ቢሮዋ ልጅ ደወልኩ።

"ጋሼ፣ እሺ የሚለውን እንዳይነኩት" አለችኝ።

ከዚያ ያስረዳችኝን ማንም ትኬት የሚገዛ ሰው ቢሰማው ደስ ይለኛል። እኛ ብንሰርዝ ቅጣት አለ። ሰዓቱን ያበላሸው አየር መንገዱ ከሆነ ግን ገንዘቡ ያለ ቅጣት ይመለሳል፣ ወይም ያለ ጭማሪ ሌላ በረራ ይሰጣል። አንዴ አዲሱን ሰዓት ከተቀበልን ግን ያ መብት አለቀ፤ ሐሳባችንን ብንቀይር እንደ ማንኛውም ሰራዥ እንቆጠራለን። ቪዛው ሲዘገይ እማዬ "ሰርዘው፣ ይቅርብኝ" ብላኝ ነበር። ያን ጊዜ ሰርዤ ቢሆን ቅጣቱን ከፍለን ነበር። ስለዚህ ችኮላ አያስፈልግም። መሰረዝህ ባይቀር እንኳ እነሱ ቀድመው የሚያበላሹት ነገር ሊኖር ይችላል። ጠብቅ። ግን በጣምም አትጠብቅ፤ በረራው ሳይሰረዝ ቀኑ ካለፈና ካልተገኘህ "ኖ ሾው" ይሉሃል፣ የመልሱ በረራም አብሮ ይሰረዛል።

ቪዛው ስላልታወቀ ሌላ በረራ ከመያዝ ገንዘቡን መረጥን። ልጅቷ የተመላሹን ጥያቄ አስገባች። መንገዱ ረጅም ነው አለች። ገንዘቡ ከአየር መንገዱ ወደ ቢሮው፣ ከቢሮው ወደ እኔ ነው የሚመጣው። የቢሮው የአገልግሎት ክፍያ አይመለስም፤ ያ የእነሱ ድካም ነው፣ አልተከራከርኩም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀ።

የዚያን ቀን ጠዋት ሰፈር ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም። ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን 74 ገባ። ነሐሴ ላይ ከ100 አለፈ። ሰው ሁሉ ዘይትና ሲሚንቶ ያሰላል። እኔ የማስበው አንድ ቦታ ተንጠልጥሎ ስላለው የእማዬ ገንዘብ ነው። የትኬት ዋጋ መሠረቱ ዶላር ነው፤ ምንዛሪው ሲወጣ የብር ዋጋው ወዲያው አብሮ ይወጣል። የሚመለሰው ግን የከፈልኩት ብር ነው፣ በደረሰኙ ላይ ያለው ቁጥር። እንደ በረዶ በእጄ እያለ የሚቀልጥ ነገር፤ እንዲያውም ገና እጄም አልገባም።

ነሐሴ ላይ ፓስፖርቱ መጣ። ቪዛ ተሰጥቷታል! እማዬ ፓስፖርቱን ሳመችው። እኔ ግን አንዷን መስመር አነበብኩና ለእህቴ ፎቶ አንስቼ ላክሁላት። የመግቢያ ብዛት፦ 1።

መርከቡ ኩሻዳሲ ሲደርስ ከሸንገን፣ ማለትም ግሪክን ጨምሮ በአንድ ቪዛ ከሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች ክልል ወጣ ማለት ነው። ከዚያ ወደ ግሪክ ሲመለስ ሁለተኛ መግቢያ ነው። የእማዬ ቪዛ ይህን አይፈቅድም። መርከቦቹ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም። ውላቸው ላይ ቪዛ የተጓዡ ኃላፊነት ነው ይላል። ወደብ ላይ ሰነድህ ጎድሎ ከመለሱህ ገንዘብ የለም።

መርከብ ላይ ስረዛ እንደ አውሮፕላን አይደለም። እዚህ ሁሉም ነገር ቀን ነው። መጀመሪያ ማስያዣ ትከፍላለህ። ቀሪውን የምታጠናቅቅበት ቀን ይቆረጥልሃል። ከዚያ ቀን በፊት ከተውከው የምታጣው ትንሽ ነው። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ የቅጣቱ መቶኛ ይወጣል፤ መነሻው ሲቃረብ አብዛኛውን ጊዜ ሙሉውን ይበላሉ። በዋጋው ውስጥ ያለው የወደብ ቀረጥ ግን መርከቡ ላይ ካልተሳፈርክ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ሌላም ነገር አለ። መርከቡ ከተነሳ በኋላ በነፋስ ምክንያት ፍጥሞን ቢዘልስ? ውሉ ይፈቅድለታል። ቀረጡን ይመልሱልህ ይሆናል እንጂ "ደሴቷን አላየሁም፣ ገንዘቤን" አይባልም። እማዬ ይህን ስትሰማ መርከቡን ያን ጊዜውኑ ጠላችው። ለሷ ጉዞው ማለት ፍጥሞ ነች፤ ሌላው ትርፍ ነው።

እህቴ የመጨረሻው ክፍያ ቀን ሳይደርስ ሰረዘች። ማስያዣው በጥሬው አልተመለሰም። በስሟ ለሌላ ጉዞ የሚሆን ክሬዲት ሆኖ ተቀመጠላት፤ ለሌላ ሰው አይተላለፍም፣ ቀንም አለው። "ብቻዬን እሄድበታለሁ" አለች። እማዬ ሳቀች። "ብቻዋን ባሕር ላይ ምን ልትሠራ?"

ከዚያ ነው እህቴ መጀመሪያ ማየት የነበረብንን ነገር ያገኘችው። ከፒሬዎስ ፍጥሞ ድረስ የአገር ውስጥ መደበኛ ጀልባ አለ፤ ሌሊቱን ሄዶ ያደርሳል። ፍጥሞ ግሪክ ነች። አንድ መግቢያ ይበቃል። ኤፌሶን ቀረች። ዋጋውም ከሽርሽር መርከቡ ጋር አይወዳደርም።

የእኔ ተመላሽ የገባው ከእንቁጣጣሽ በኋላ ነው። ልጅቷ ደውላ "ጋሼ፣ ሙሉ ነው፣ ቅጣት የለውም" አለችኝ። ደስ ብሏት ነው የነገረችኝ፣ ለፍታበታለች። እውነቷን ነው፣ ከቢሮው ክፍያ በቀር አንድ ብር አልጎደለም። በዚያው ስልክ የዛሬውን ዋጋ ጠየቅኋት። ነገረችኝ። ዝም አልኩ። እሷም ዝም አለች።

ስለዚህ አሁን ለሚጠይቀኝ ሰው የምለው ከእህቴ የተለየ ነው። እሷ ብትጠየቅ "ገንዘብህን ተቀበል፣ ሌላ ግዛ" ትላለች። ለሷ ልክ ነው። ግንቦት 2016 ላይ የወጣው የአሜሪካ ሕግ ዓለም አቀፍ በረራ በ6 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ከተቀየረና ካልተቀበልከው ገንዘብህ ይመለስ ይላል። ዶላር ሰጥታ ዶላር ትቀበላለች። በብር የሚገዛ ሰው ግን፣ አየር መንገዱ ሲያበላሽበት፣ መጀመሪያ ሌላ በረራ ይጠይቅ። ሌላ ቀን፣ ሌላ መስመር፣ ሌላ ትራንዚት ይጠይቅ። መቀመጫ ምንዛሪ አይበላውም። ገንዘቡ የመጨረሻ ምርጫ ይሁን። ሐምሌ 22ን ማንም አላወቀም፣ ቪዛውም አልታወቀም ነበር፤ እኛ ያኔ በያዝነው መረጃ ወሰንን። ዛሬ ግን ይታወቃል።

አዲሱን የእማዬን ትኬት እህቴ በካርዷ ቆረጠች። ከመክፈሏ በፊት የትኬቱን ደንብ በሙሉ ስክሪንሻት አድርጋ ላከችልኝ። መልሱ ከአቴንስ የሚነሳ ስለሆነ የአውሮፓ ሕግ ይሸፍነዋል፤ የየትኛውም አገር አየር መንገድ ቢሆን። ከቦሌ የሚነሳው ግን የሚሸፈነው አየር መንገዱ የአውሮፓ ከሆነ ብቻ ነው፤ ይህኛው አይደለም። እኔ የተመለሰውን ብር ባንክ አላስቀመጥኩትም። ለእማዬ ጥሩ ጫማና ሹራብ ተገዛ፤ የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያም ገባበት።

ትናንት ማታ እማዬ ስለ ጀልባው ጠየቀችኝ። ግሪክ ውስጥ የመርከበኞች አድማ አለ ሲባል ሰምታለች።

"ጀልባው ቢቀርስ?"

"ከ90 ደቂቃ በላይ ከዘገየ ወይም ከቀረ ሌላ ጀልባ ይሰጡሻል፣ ወይም ገንዘብሽን በ7 ቀን ይመልሳሉ" አልኳት።

"ሌላ ጀልባ በል" አለች። "ገንዘቡን ተወው።"